ከሐኪም የደበቅሁት ወረቀት

ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ታላቅ ወንድሜን ይዤ ባምቢስ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ክሊኒክ ገባሁ። ከሦስት ቀን በፊት ካዛንቺስ የመረመረው ሐኪም የጻፈው ውጤት በእጄ ነበር፤ እዚህ ላለው ሐኪም ግን ላላሳይ ወስኜ ነበር።

ያ ሐኪም ወንድሜን የሚያደማው ኪንታሮት አይደለም ብሎኛል። ጉበቱ ጠባሳ ስለያዘ ደሙ ማለፊያ አጥቶ የፊንጢጣውን ደም ሥሮች አሳብጧል፤ በካሜራ ቱቦ ገብቶ ያበጠውን ሥር ሙጫ በሚመስል መድኃኒት ይደፍነዋል፤ ሳምንት ማቆየትም አይገባም። ወንድሜ መጠጥ ቀምሶ የማያውቅ ጡረተኛ መምህር ነው። ከወንዝ ውኃ የሚይዝ ቢልሃርዚያም ጉበትን ይጎዳል ቢለኝ አላመንኩትም። በሰው ገላ ውስጥ ሙጫ? ጥድፊያውስ ለምንድን ነው? ስለዚህ ብዙዎቻችን የምናደርገውን አደረግሁ፤ ሁለተኛው ሐኪም ምንም ሳይነገረው ራሱ ያግኘው አልኩ።

«አንቺ እኮ ንስሐ ልትገቢ ሄደሽ ቄሱን መታወቂያ ትጠይቂያለሽ» አለኝ ወንድሜ ወረፋ ስንጠብቅ።

ተራችን ደርሶ ስንገባ ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየና ጓንቱን አወለቀ።

«ኪንታሮት ነው፤ ነገ ጠዋት ቆርጠን እናወጣዋለን። ሌላ የሚያውቁት ሕመም አለ?»

የጠየቀው ወንድሜን ነበር። እርሱ ወደ እኔ ዞረ።

«የለም» አልኩ።

ልሰማ የፈለግሁትን ሰምቼ ሳለ ደስ አላለኝም። ሆዱን አልዳሰሰም፤ አምስት ደቂቃም አልቆየ። በኦሎምፒያ በኩል ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ወረቀቱን አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። እንደ ኪንታሮት ቢቆረጥ ለማቆም የሚያስቸግር ደም ሊፈስ እንደሚችል በግልጽ ተጽፏል። ሦስት ቀን ሙሉ ይህችን ዐረፍተ ነገር ማስፈራሪያ ናት ብዬ ስዘላት ነበር።

«ምን አገኘሽ?» አለ።

ነገርኩት።

«አርባ ዓመት ሳስተምር ጥያቄውን ደብቄ ተማሪ ፈትኜ አላውቅም» አለ። «ደግሞ ቢወድቅ የምቆረጠው እኔ ነኝ!»

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወረቀቱን ከሐኪሙ ፊት አስቀመጥኩ። እስከ መጨረሻው አነበበና ቀና አለ።

«ይሄ ትናንት የት ነበር?»

«እኔ ጋ» አልኩ።

ቀዶ ሕክምናውን ሰርዞ፣ እዚያው ፊታችን ለካዛንቺሱ ሐኪም ደወለ። ወንድሜ መድኃኒቱ በዚያው ዕለት ካዛንቺስ በቱቦው እንዲሰጠው ወሰነ፤ እዚያ እንደደረስንም በስምምነት ቅጹ ላይ ፈረመ። እኔ በምስክርነት የፈረምኩት የካዛንቺሱን ሐኪም ስለ ሙጫው አሥር ያህል ጥያቄ ከጠየቅሁት በኋላ ነው፤ ሁለቱን መልሶች አሁንም አልተቀበልኳቸውም።