በጾም መካከል የመጣው ኬክ

ቅዳሜ ዕለት የወንድሜ ልጅ ደብረ ብርሃን ቤቴ ድረስ መጥታ፣ እኔ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ የጾም ሽሮዬን ስበላ፣ እሷ ከስልኳ ላይ የዓለሙን የገና ማዕድ ታነብልኝ ጀመር፤ ጣልያኖች በዋዜማው ዓሣ እንደሚበሉ፣ ጀርመኖች ዝይ እንደሚጠብሱ፣ ጃፓኖች ደግሞ ክርስቲያን ሳይሆኑ እንኳ ተሰልፈው የተጠበሰ ዶሮ እንደሚገዙ። በዚህ ብርድ ለጾመኛ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ማንበብ ግፍ ነው ብያት እየተሳሳቅን ሳለ፣ በደቡብ ህንድ ያሉ ክርስቲያኖች ዘቢብና ቅርንፉድ ያለበት ኬክ ይጋግራሉ ስትል ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ሽሮ ብቻ ባለበት ቤት ቅርንፉድ ሸተተኝ።

አባቴ ቄስ ነበሩ። ልጅ ሳለሁ ከግቢያችን ጀርባ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ህንዳዊው የሒሳብ አስተማሪያችን ቲቸር ቶማስ ከባለቤታቸው ከማሪያማ ጋር ተከራይተዋት ይኖሩ ነበር። ማሪያማ አማርኛዋ ከገበያ የማያልፍ፣ በቀጭኑ ሳሪዋ ላይ ሁለት ሹራብ ደርባ ከብርዱ ጋር ስትታገል የምትውል ሴት ነበረች፤ ከእናቴ ጋር በእጅ ምልክትና በሳቅ እየተግባቡ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር።

በመጡበት ዓመት፣ ታኅሣሥ እኩሌታ ላይ፣ የቅቤና የቅመም ሽታ ከማለዳ ጀምሮ ግቢውን ሞላው። ማሪያማ ድስቱን ከላይም ከታችም ፍም አድርጋበት ኬክ ጋግራ፣ ዶሮም በወተት ሠርታ፣ አምራና ተሽቀርቅራ ወደ እኛ ቤት ይዛው መጣች። የእነሱ ገና ከእኛው ሁለት ሳምንት ያህል ይቀድማል፤ እኛ ደግሞ ጾመ ነቢያት ላይ ነበርን። እናቴ ትሪውን በሁለት እጇ ተቀብላ ተቀመጪ አለቻት፤ ማሪያማ ግን እስክንቀምስላት ቆማ ትጠብቅ ነበር። እናቴ ወደ ሰማይ እያመለከተች፣ አፏን በመዳፏ እየከደነች ልታስረዳት ሞከረች፤ አሁን ሳስበው ያ ምልክት ለማያውቅ ሰው ምግቡ ያቅለሸለሻት ያስመስላል። በመጨረሻም ዶሮው ይበላሻል ብላ ሳህኑን መለሰችላት፣ ኬኩን ብቻ አስቀረች። ማሪያማ ሳህኗን ይዛ አንገቷን ደፍታ ወጣች።

አመሻሹ ላይ አባቴ ነገሩን ለቲቸር ቶማስ አስረዷቸው። እሳቸውም ያን ዕለት ንጋት ላይ የራሳቸውን ጾም እንደፈቱ፣ ባለቤታቸው ክርስቲያን ሁሉ በአንድ ቀን የሚፈታ መስሏት እንደነበር ነገሯቸው። ለወንዶቹ ነገሩ በዚያው አለቀ፤ ማሪያማ ግን ከእኛ ቤት ቀረች። ሰው በዘር በሚናናቅበት አገሯ፣ አንዱ ከሌላው እጅ አልበላም ሲል ምን ማለት እንደሆነ አሳምራ የምታውቅ ሴት ኖራለች። ልብሷን እንኳ የምታሰጣው እኛ ደጅ በሌለንበት ሰዓት ሆነ። እናቴ ምስሯን ብቻዋን እየለቀመች፣ ዘመድ የሌላትን ሴት አስቀየምኳት እያለች ታዝን ነበር። ኬኩን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ብርዱ በማይለቀው ጓዳ ውስጥ ሰቅላዋለች፤ እኛ ልጆች እየተፈራረቅን ገብተን ጨርቁን አሽትተን እንወጣለን፣ ከዚያ በላይ ግን ማንም አልደፈረም።

የገና ጠዋት አባቴ ከቅዳሴ ተመልሰው፣ ዶሮ ወጡ ቀርቦ፣ ሁላችንም ምራቃችንን እየዋጥን ሳለ እናቴ ማሪያማን ጥሪያት ብላ ላከችኝ። መጣች፤ ከደጃፉ ግን አላለፈችም። እናቴ ኬኩን አወጣችው። ድንጋይ ሆኖ ስለነበር አባቴ ባርከው ሊቆርሱት ቢሉ ቢላዋው አልገባ ብሎ አስቸገራቸው። እናቴ ወጡን ሳትነካ የመጀመሪያዋን ቁራሽ አፏ ውስጥ ከተተች፤ ቀስ ብላ አላምጣ ዋጠችና፣

«እጅሽ ይባረክ ማሪያማ፤ ጾሜን የፈታሁት ባንቺ እጅ ነው» አለቻት።

ማሪያማ አማርኛውን ሁሉ ባትረዳውም ያየችው በቅቷት፣ እዚያው እንደቆመች አለቀሰች። ከዚያ ገብታ ተቀመጠች፤ እናቴ በርበሬው እንዳያቃጥላት ሠግታ ትንሽ ብታጎርሳት፣ ጭራሽ አላቃጥላት ብሎ፣ ይህ ወጥ ለሕፃናት የተሠራ ነው ወይ ብላ ጠየቀች።

በሚቀጥለው ዓመት በእነሱ ገና ዕለት ከሰርቪስ ቤቱ ምንም አልሸተተም። እናቴ ታመሙ ብላ ደንግጣ ብትሄድ ማሪያማን ምስር ስትለቅም አገኘቻት፤ የራሷን ጾም ጨርሳ የእኛን ቀጥላ ነበር። ቲቸር ቶማስ ሚስቴ በረሃብ ልትገድለኝ ነው እያሉ ለአባቴ ቢያማርሩም አብረዋት ጾሙ፤ በእኛ ገና ሁለቱ ሴቶች በአንድ ማጀት ሠርተው ሁላችንም አንድ ላይ በላን። ከጥቂት ዓመት በኋላ የሥራ ውላቸው አልቆ ወደ አገራቸው ሄዱ። እናቴ ከሞተች ቆይቷል፤ ማሪያማም በሕይወት ብትኖር በጣም አርጅታለች።

ዛሬ በዚያው ግቢ የምኖረው እኔ ነኝ። ተከራዮች አሉኝ፤ ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ ጠዋት በባጃጅ ወጥተው ማታ ደክሟቸው ስለሚገቡ የምንተዋወቀው በበር ድምፅ ነው። የወንድሜ ልጅም ለበዓል እናቷ ዘንድ ትሄዳለች። ዶሮው ተገነጣጥሎ ከሱቅ ይመጣል፣ ኬኩም በካርቶን፤ ከማዕዱ የሚጎድል ነገር የለም። ባለፈው ገና ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ጾሜን ፈታሁ። ወጡ ጣፍጦኝ ነበር፤ የምነግረው ሰው ግን ቤቱ ውስጥ አልነበረም።