ዝርዝሬን ቁጭ ብሎ የሰማኝ ውሻ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አንበሳ ገደልኩ... እሺ፣ አንበሳ አልነበረም፤ ከርከሮ ነው። ሙሉ በሙሉ የገደልኩትም እኔ አይደለሁም፤ በዚያ ሰዓት ዋንዛ ላይ ነበርኩ። ግን ትእዛዙ ከዛፉ ላይ ነው የወጣው፤ አዛዡ ደግሞ እኔ ነኝ።

ይህን የምጽፈው በማታ ትምህርት ክፍላችን ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ነው። «አጋነነ» የምትሉ ጓደኞቼ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

ከነቀምት ወጣ ብሎ ያለችኝን የበቆሎ ማሳ ከርከሮ ሊጨርሳት ደረሰ። ቤት ደግሞ አሮጌው ውሻችን ከሞተ ወዲህ የሰፈሩ ፍየል ሁሉ ጓሯችንን መናፈሻ አድርጎታል። ባለቤቴ እልፍነሽ ፈረደች።

«አንድ ውሻ አምጣ። ሁለት አልቀልብም። እሱው ቤቱን ይጠብቅ፣ እሱው ከርከሮውን ያድን። እምቢ ካለ እሱን ትመልስና በቆሎው እስኪገባ ድረስ ማማ ላይ ታድራለህ።»

ማማ ላይ ማደር ማለት የማታ ትምህርቴ ቀረ ማለት ነው... ያውም ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያለ ዕረፍት የምወጣ ሰው፣ ለከርከሮ ብዬ ልቅር?

ስለዚህ ነገሩን በትምህርት ያዝኩት። ደብተሬን አውጥቼ ስለምፈልገው ውሻ በገዛ እጄ ዝርዝር ጻፍኩ። እንግዳ ሲያይ ይጮሃል። አውሬ ሲያይ ሳይጮህ ያሳድዳል። ዶሮ አይነካም። የታዘዘውን ይሰማል። ወረቀቷን አጥፌ በደረት ኪሴ ከተትኩና ወደ ዲጋ መንገድ ጀመርኩ፤ ወዳጄ ኦቦ ፈይሳ ዘንድ። ፈይሳ ከልጅነቱ ጀምሮ አዳኝ ነው፤ ደጁ ላይ ሦስት ውሾች ነበሩት።

«ይሄ ለቤት ነው» አለኝ፣ አንገቱ ላይ ጎፈር የመሰለ ፀጉር ያለውን ትልቁን እያሳየኝ። «አጥር ውስጥ ጀግና ነው። ከአጥር ወጥቶ ግን ጥላውንም ይፈራል።»

«ያኛውስ?» አልኩ፣ እግረ ረጅሙን ቀጭን አይቼ።

«እሱ ሚዳቋ ይደርስባታል። ሌባ ቢመጣ ግን ጭራውን እየቆላ ያስገባዋል።»

ሦስተኛው ቦራ የሚባል የሁለቱ ዓይነት ዲቃላ ነው፤ የፈይሳ እናት ናቸው ያሳደጉት። እኔም ወረቀቴን ዘረጋሁ።

«ዝርዝር ይዤ መጥቻለሁ፣ ኦቦ ፈይሳ።»

ፈይሳ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። «ለኔ ምን ያደርግልኛል? ለነሱ አንብብላቸው፤ ሥራው የነሱ ነው። በል፣ ታዬ።»

ታዬ እኔ ነኝ።

ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ። ትልቁ አዛጋና ሄደ። ቀጭኑ ዶሮ አይቶ ሄደ። ቦራ ግን... ቁጭ አለ። ጆሮውን አቁሞ፣ ዓይኑን ከዓይኔ ሳይነቅል፣ እስከ መጨረሻው መስመር ሰማኝ። እልፍነሽ እንኳ ሳነብላት ሁለተኛው መስመር ላይ ታንኮራፋለች።

«ይሄን ነው» አልኩ፤ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር።

«ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው፣ ውሰደው» አለኝ ፈይሳ።

ለሁለት ቀን ቦራ እንከን አልነበረውም። በሦስተኛው ቀን ፍየል ጓሮ ገባች፤ እልፍነሽ «ታዬ! ታዬ!» ብላ ስትጠራኝ ፍየሏን እያባረረ የነበረው ቦራ መሀል ጓሮ ላይ ቁጭ አለ። ፍየሏ ጎመኑን ጨርሳ ስትሄድም አልተነሳም።

«ለፍየል ተቀምጦ የሚያስተናግድ ዘበኛ አመጣህልኝ?» አለችኝ። «ቅዳሜ ከርከሮው ላይ ልየው። ያኔም ከተቀመጠ፣ ማማው ይጠብቅሃል።»

ቅዳሜ ፈይሳ ጦሩን ይዞ መጣ። ከርከሮው ከበቆሎው ውስጥ ብቅ ሲል ቦራ አንድም ሳይጮህ ተወረወረ፤ ልክ እንደ ዝርዝሬ። ሁለት ዝላይ ሲቀረው ፈይሳ ጮኸ።

«ታዬ! ታዬ! በግራህ!»

ቦራ ቁጭ አለ። ከርከሮው እፎይ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ዋንዛው ላይ እንዴት እንደወጣሁ አሁንም አላውቅም።

ቁልቁል ሳይ ፈይሳ ጦሩን ተደግፎ በሳቅ ይፈርሳል።

«ስምህ ነው፣ ወንድሜ! እናቴ ወተቷን እንዳይደፋባት ‹ታኢ› እያለች ነው ያሳደገችው። ተቀመጥ ማለት ነው።»

«ኦሮምኛ አውቃለሁ» አልኩት ቅርንጫፍ አቅፌ። እውነቴን ነው፤ አሥር ዓመት ስገበያይበት ኖሬያለሁ። ግን ሰው የገዛ ስሙን ሲሰማ ሌላ ቃል ይሆናል ብሎ አያስብም።

«ካወቅህ ተነስ በለዋ። ሳይባል አይነሳም።»

«ካኢ!» አልኩ በሙሉ ድምፄ።

ቦራ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ተፈተለከና የዋንዛዬን ሥር የሚቆፍረውን ከርከሮ ጆሮውን ይዞ አስቀረው። ፈይሳ በጦር ጨረሰው። እንግዲህ ገደልኩ ያልኩት ይሄን ነው።

ማታ እልፍነሽ ሌላ ፍርድ ሰጠች። «ውሻው ይቀመጥ... ማለቴ፣ እኛ ዘንድ ይኑር። ስም የምትለውጠው አንተ ነህ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤቴ «አባ በቆሎ» ነኝ፤ ማማው ባዶውን ቆሟል፣ እኔም ፈተናዬን ልቀመጥ ነው።

የከነከነኝ ከዛፉ ስወርድ ነው። ለካስ ዲጋም ላይ «በል፣ ታዬ» ተብሎ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ የፈጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው አነበብኩ ማለቴን። ሦስተኛው መስመር ላይ፣ «ዶሮ» የምትለው ላይ፣ ተይዤ ቀረሁ። ቦራ ግን ፊደሏን ስፈልጋት ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ... «ካኢ» ያለው አልነበረማ።