ማንም ሳይሞት ወደ ሐገረ ሰላም

ቅዳሜ ማለዳ ቦርሳዬን አንግቼ ስወጣ እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ "ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል?" አለችኝ።

"ልታርፍ ሄደች በያቸው።"

"ይሄ ደግሞ ይባላል?" ብላ ፊቷን አዞረችብኝ።

እኔ ጸዳለ፣ ሀዋሳ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የምሠራ፣ ከእናቴ ጋር የምኖር ሴት ነኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራና ግምገማ፣ ቅዳሜ የቀበሌ ስብሰባ፣ እሁድ ለቅሶ። አባቴ ካረፈ ወዲህ ቤታችንን ወክዬ ያልተቀመጥኩበት ድንኳን የለም። የማላውቀውን ሰው ሁሉ አልቅሼ ቀብሬአለሁ። በመጨረሻ በቃኝ! ሐገረ ሰላም ወጥቼ ብርድ ልብስ ውስጥ እስኪበቃኝ እተኛለሁ አልኩ። በእኛ ሰፈር ሰው ከከተማ የሚወጣው ወይ ለሠርግ፣ ወይ ለንግሥ፣ ወይ ለለቅሶ ነው። እኔ ግን ሰበብ አልፈጥርም፣ አንድም ሰው አልዋሽም ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ለራሴ ስል መሄድ ካልቻልኩ ለማን ነው የምኖረው?

አገሩ ብርድ ነው ስለተባለ ሹራብ ፈለግኩ። ያለኝ ወፍራም ሹራብ አንድ ብቻ ነው፣ ለአባቴ ሐዘን የለበስኩት ጥቁሩ። ሹራብ ሹራብ ነው ብዬ አጠለቅኩት።

ከመናኸሪያ እስከ አፖስቶ

መናኸሪያ ቅጥቅጡ አውቶቡስ ሊሞላ ጥቂት ሰው ቀርቶታል። ጢማሙ ረዳት አሥራ አምስት ብሬን ተቀብሎ ሹራቤን አየና፣ "ለቅሶ ነው እህቴ?" አለኝ።

"አይደለም።"

"ታዲያ ሐገረ ሰላም ምን አለሽ?"

"ምንም። ላርፍ ነው።"

ጢሙን እያከከ ወደ ቀጣዩ ተሳፋሪ አለፈ። አጠገቤ የተቀመጡት ሀዋሳ ቅቤ ሸጠው የሚመለሱ እናት ናቸው። ቱላን እንዳለፍን እጄን ያዙኝ። "እግዜር ያጽናሽ ልጄ። ማን ሞተብሽ?"

"ኧረ ማንም አልሞተም እናቴ።"

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ወደኋላ ዞረው በሲዳምኛ አንሾካሾኩ፤ ወሬው ከወንበር ወንበር ሲሄድ፣ አንዱ በአማርኛ "መርዶዋን ገና አልሰማችም ማለት ነው" ሲል ሰማሁት።

ያኔ ገባኝ። በአገራችን መርዶ እንዲሁ በስልክ አይነገርም። የሞተበት ሰው "ዘመድ ታሟል፣ ቶሎ ና" ተብሎ ይጠራል፤ እውነቱን የሚሰማው ሽማግሌዎች በማለዳ በሩን ሲያንኳኩ ነው። መንገደኛው ሁሉ እኔንም እንዲያ የተጠራሁ አድርጎ ቆጠረኝ። ማንም አልሞተም ባልኩ ቁጥር ይበልጥ ያዝኑልኛል!

ረዳቱ ከፊት ወንበር ለቆ አስቀመጠኝ። አፖስቶ ላይ አስፋልቱን ትተን ወደ ይርጋለም ስንታጠፍ አንድ ሰውዬ አናናስ ገዝቶ፣ "ብዪ፣ ጉልበት ያስፈልግሻል" ብሎ ሰጠኝ። የባሰው ደግሞ ሾፌሩ ካሴቱን አጠፋው።

"ክፈተው እንጂ! እኔ ሐዘን የለብኝም!" ብዬ ጮኽኩ።

ከኋላ አንዲት ሴት "ምስኪን" ብላ ተነፈሰች።

አለታ ወንዶ

ቡናው በየደጁ ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል፣ ጠጠሩ መንገድ አቧራውን ያለብሰናል። እኔ ግን መፍራት ጀመርኩ። ያን ያህል ሰው ሲያዝንልህ አንዳች ነገር የሚያውቅ ይመስልሃል። እናቴስ ለምን ፊቷን አዞረችብኝ? ደብረ ብርሃን ያለችው አክስቴ እንዴት ሆና ይሆን? ቅጥቅጡ አለታ ወንዶ ሲቆም ስልክ ልደውል ሮጥኩ፤ መስመሩ ተቋርጧል። ወደ ሀዋሳ የሚመለስ መኪና አጠገቤ ሞተሩን አስነስቶ ይጣራል። እግሬ ወደ እሱ አንድ ሁለቴ ተራመደ።

ከዚያ ተናደድኩ። ዛሬ ከተመለስኩ ዕድሜ ልኬን አልወጣም። የሞተ ሰው ካለ ሰኞም ሞቶ ይጠብቀኛል! ብዬ ቅጥቅጡ ላይ ወጣሁ።

ሐገረ ሰላም

ሽቅብ በወጣን ቁጥር እንሰቱና ቀርከሃው እየበዛ፣ ጉሙ መስኮቱን እየሸፈነ ሄደ። ስንደርስ የቅቤዋ እናት ጉንጬን ስመው፣ "ጠንከር በዪ" ብለውኝ ወረዱ።

የገባሁበት ሆቴል ባለቤት አቶ ዱካሞ ረጅም፣ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ናቸው። ቁልፉን ሳይሰጡኝ፣ "የማን ለቅሶ ነው?" አሉኝ።

"የማንም አይደለም፣ አባቴ። እዚህ ላርፍ፣ አገራችሁን ላይ ነው የመጣሁት። ካላመኑኝ ሌላ ቤት እሄዳለሁ!"

"ከሀዋሳ ሰው ወደ እኛ የሚመጣው ሰው ሲሞት ነው። ወይ ደግሞ ለስብሰባ ነው። አገሩን ብሎ የመጣ እኔ አላየሁም" አሉና ፊታቸው በራ። ሻፌታ በሚሉት ሸክላ ቡርሳሜ የሚሉትን በቅቤ የታሸ ቆጮ፣ ከጎኑ እርጎ አስቀረቡልኝ። በላሁ፣ ተኛሁ። ብርድ ልብሱ ሁለት ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል፣ ተነሺ የሚለኝ የለም።

እሁድ ጠዋት አቶ ዱካሞ ከከተማው በላይ ያለ ጉብታ ላይ ወሰዱኝ። ገብሱ፣ ፈረሶቹ፣ ከታች የተኛው ጉም! እሳቸው የሠሩት ይመስል "እ?" እያሉ ፊቴን ያያሉ። ደስ አለኝ። እንዲያ ደስ ካለኝ ስንት ጊዜዬ እንደሆነ እንጃ።

ቤት

ማምሻውን ባጃጁ ሰፈራችን ሲደርስ በራችን ላይ የዕድር አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ አየሁ። መንገደኛው ትክክል ነበር ማለት ነው! "እማዬ!" ብዬ እየጮኽኩ ገባሁ።

እናቴ ደህና ናት፣ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ዙሪያዋን ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። እሷም አዘቅዝቃለች። ጩኸቴን ሲሰሙ ሁሉም ማልቀስ ጀመሩ። የዕድራችን ሴቶች አለቃ እትዬ አስካለ አቀፉኝና፣ "እናትሽ ለቅሶ ሄደች አሉን። ማን እንደሆነ እንኳ ሳይነግሩን! ማን ነው የሞተው ልጄ?" አሉ።

እናቴ በዓይኗ ለመነችኝ። አንድ ስም ብጠራ፣ አንድ የሩቅ አጎት ብገድል፣ ሁሉም በሰላም ያልቃል። ለእሷ ሲባል ልዋሽ አፌን ከፍቼም ነበር።

"ማንም አልሞተም እትዬ" አልኩ። "ሐገረ ሰላም ላርፍ ሄጄ፣ በልቼ፣ ተኝቼ መጣሁ። ወደፊትም እሄዳለሁ።"

አንዷ "ታዲያ እኛ ምን ልናደርግ መጣን?" ብላ አጉረመረመች። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ ጥለቱን ወደታች አዙረው መልሰው ለበሱና፣ "መኝታው ንጹሕ ነው?" አሉኝ።

"ንጹሕ ነው። ብርዱ ግን ኃይለኛ ነው።"

ሌሎቹም አንድ በአንድ አዞሩ። እናቴ ብቻ እንዳዘቀዘቀች፣ ሳታናግረኝ አመሸች። አልፈርድባትም፤ አሳፍሬያታለሁ። ይቅርታ ግን አልጠየቅኳትም። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር፣ ሰው ሳይሞት ለመሄድ ከሹራብ በላይ ድፍረት እንደሚያስፈልግ ነው። ድፍረቱን አግኝቻለሁ። ሰኞ ከሥራ ስወጣ ገበያ ገብቼ ቀይ ሹራብ ገዛሁ።