በቁም ጸሐፊ ቀለም የተቀባው ሌንስ

በደጀ ሰላሙ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። ቄሰ ገበዙ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። አንድ ዲያቆን ከጠረጴዛው በስተግራ ሆኖ የብራናውን ቅጠል ይገልጣል። የቡድናችን ኃላፊ ዳዊት ከኋላዬ የቅጠሉን ቁጥር ይመዘግባል። የደብሩ ቁም ጸሐፊ የኔታ በመስኮቱ ሥር መደብ ላይ ተቀምጠው የራሳቸውን ብራና ይጽፋሉ። እኔ ቁልቁል በታሰረው ካሜራ ላይ አጎንብሻለሁ። የብራና መጻሕፍትን ፎቶ የማንሣት ሥራ የጀመርኩት በዚያ ቀን ነው።

ከዚያ በፊት መካነ ኢየሱስ ከተማ ፎቶ ቤት ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ጉርድ ፎቶና ሠርግ ነበር፤ ሁሉም በፊልም። ቡድኑ ካህናቱ የሚያውቁት የአገር ሰው ሲፈልግ እኔን ቀጠረ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከአርብ ገበያ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ናት። ስሟን አልጽፍም።

ካሜራው ዲጂታል ሬንጅፋይንደር ነበር። በመመልከቻው ውስጥ ሁለት ምስል ይታያል፤ ሌንሱን እያዞሩ ሁለቱን አንድ ማድረግ ነው። ዓይን የማያየውን ብርሃንም ስለሚቀበል ሌንሱ ፊት ማጣሪያ መስታወት ይገጠማል። መስታወቱ ደግሞ የምስሉን ማዕዘኖች ሰማያዊ ያደርጋል። ካሜራው የትኛው ሌንስ እንደተገጠመለት ካወቀ ግን ሰማያዊውን ራሱ ያነሣዋል። የሚያውቀውም በሌንሱ መግጠሚያ ቀለበት ላይ ካሉት ስድስት ጥቁርና ነጭ ነጥቦች ነው። የእኛ ሌንስ የሌላ ፋብሪካ ስለነበር ነጥብ አልነበረውም። ዳዊት የነጥቦቹን ተራ ከወረቀት አነበበልኝ፤ ጥቁር መሆን ያለባቸውን በማርከር ቀባሁ። ነጩን ብረቱ ራሱ ይተካዋል።

የብራና መጽሐፉ ከዕቃ ቤቱ የወጣው በውል ነው። ከዓመታት በፊት አንድ እንግዳ ላንብበው ብሎ የተቀበለው መጽሐፍ ሳይመለስ ቀርቷል። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው የፈቀደው አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ነበር። ወደ ማምሻው ቄሰ ገበዙን «ጨርሻለሁ» አልኳቸው። እሳቸውም መጽሐፉን በጨርቁ ጠቅልለው አስገቡና ቆለፉ።

አርብ ገበያ ገብተን ምስሎቹን በላፕቶፕ ስናይ የሁሉም ቅጠል ማዕዘን ሰማያዊ ነው። ዳር ላይ በቀይ የተጻፉት የቅዱሳን ስሞች ጠቁረው ከሌላው ጽሑፍ አይለዩም። ካሜራው ሌንሱን ሲያውቅ ስሙን ከጀርባው ባለችው ትንሽ የምስል መስኮት ላይ ይጽፋል። እኔ ነጥቡን ቀብቼ ስሙን ሳላይ ነው ሥራ የጀመርኩት።

ዳዊት በኮምፒዩተር አስተካክለን እንላከው አለ። ስሕተት እንደሠራን ከተሰማ ሌሎቹም አድባራት ዕቃ ቤታቸውን አይከፍቱልንም፣ ሥራውም እዚህ ላይ ይቆማል ብሎ ሰግቷል። ስጋቱ ሐሰት አልነበረም። እኔ ግን «ጨርሻለሁ ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አልኩ።

ማርከሩን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ቀባሁ። ካሜራው አላወቀውም። ምስሎቹን ከመጀመሪያው ጀምሬ ሳይ ማጣሪያው ሳይገጠም ለሙከራ ያነሣሁት አንድ ፎቶ ላይ ደረስኩ። የቄሰ ገበዙ ጥቁር ካባ ጫፍ ገብቶበታል፤ ሐምራዊ ሆኗል። ከሥሩ ያለው የብራናው ጽሑፍ ግን ጥቁር እንደሆነ ነው። ለዓይን ጥቁር የሆነ ሁሉ ለዚህ ካሜራ ጥቁር አይደለም ማለት ነው። ዳዊት ኋላ አንብቦ አረጋገጠልኝ፤ ነጥቡን የሚያነበውም በዚያው በማይታየው ብርሃን ነው። በዚያ ብርሃን ማርከሩ አይታይም፤ የብራናው ቀለም ግን ጥቁር ሆኖ ይታያል።

በማግስቱ ጠዋት ብቻዬን ሄድኩ። ቄሰ ገበዙን ከደጀ ሰላሙ በር ላይ አገኘኋቸው።

«ትናንት ያነሣሁት አልሆነም። ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳቸው።

«መጽሐፉ አይወጣም» አሉኝ።

አስቀድሜ የመጣሁት የየኔታን ቀለም ለመለመን ነው ብዬ ፎቶውን አሳየኋቸው። ሐምራዊ የሆነውን ካባቸውን ጎንበስ ብለው አዩ። የኔታ ከመደባቸው ተነሥተው አንገታቸውን አስግገው አዩና፣ «ቄሰ ገበዝ፣ ሀገረ ስብከቱ ሳይሰማ ካሜራዋ ሐምራዊ ካባ አልብሳ ሾመችዎ» አሏቸው። ዲያቆኑ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ።

የኔታ ቀለማቸውን ከጥላሸት፣ ካረረ ገብስና ከግራር ሙጫ ነው የሚያዘጋጁት፤ ለወራት ያብላሉታል። ሌንሱን ከእጄ ተቀብለው በመቃ ብዕራቸው ነጥቦቹን ራሳቸው አኖሩ። «እንዲህ ያለ ጠባብ ብራና ጽፌ አላውቅም» አሉ። እስኪደርቅ ፀሐይ ላይ አስቀመጥነው። ስገጥመው የሌንሱ ስም የካሜራው መስኮት ላይ ወጣ።

መሞከሪያ ይሁንሽ ብለው ገና ያልጨረሱትን ቅጠል ሰጡኝ። ማዕዘኑ ጠራ፤ ቀዩም ቀይ ሆነ። የትናንቱንና የዛሬውን አስከትዬ ለቄሰ ገበዙ አሳየኋቸው። ደጋግመው አዩት።

«ትናንትም ጨርሻለሁ ብለሽኝ ነበር። ዛሬ በምን ልመንሽ?» አሉኝ።

«አይመኑኝ። እያንዳንዱን ቅጠል እርስዎ አይተው ካላለፉት አልገልጥም።»

ከሰበካ ጉባኤው ሽማግሌዎች ሁለቱን አስጠርተው ከግቢው ዛፍ ሥር ተመካከሩ። ሲመለሱ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ።

የዚያን ቀን ሥራው ከትናንቱ ይልቅ ቀስ ያለ ነበር፤ እስከ ምሽት ቆየን። እያንዳንዱን ምስል ቄሰ ገበዙ ጎንበስ ብለው ያያሉ፣ እሺ ሲሉ ዲያቆኑ ይገልጣል። ሁለት ቅጠል አስደገሙኝ፤ አንደኛው ዳሩ ተቆርጦ ነበር፣ ሁለተኛው እኔ ያላየሁት የዲያቆኑ ጣት ጥላ ነበረበት።

ከዚያ በኋላ በእስቴም በስማዳም በጋይንትም ስሠራ ነጥብ በማርከር ቀብቼ አላውቅም። የሌንሱን ስም ሳላይ አልጀምርም፤ ባለ መጽሐፉ ምስሉን ሳያይም ካሜራ አልፈታም። ሥራው ማለቁን የሚናገረው ሠራተኛው ሳይሆን ባለቤቱ ነው።

በዚያ ቀን የመጨረሻውን ቅጠል ቄሰ ገበዙ ከሌሎቹ ይልቅ ረዘም አድርገው አዩት። ከዚያ መጽሐፉን በጨርቁ ጠቀለሉ።

«ጨርሰሻል» አሉኝ።

ሌንሱን ፈትቼ ከረጢቴ ውስጥ ከተትኩ፤ መስቀል ተሳልሜ ወጣሁ።