የእትዬ ዘርፌ የሒሳብ መኪና

ባለፈው ሰሞን ዳባት አንድ ጋራዥ ደጃፍ ላይ አውቶብስ ስጠብቅ፣ ነጭ ጋዝ የጠጣ ዝገት ሸተተኝ። ያ ሽታ ሁልጊዜ የሚያስታውሰኝ እትዬ ዘርፌን ነው።

ልጅ ሳለሁ ደባርቅ ውስጥ ጎረቤታችን ነበሩ። ባላቸው የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነበሩ፤ ሲሞቱ ዘመድ አዝማዱ “ሱቁን ዝጊው፣ የሴት ሙያ አይደለም” አላቸው። እትዬ ዘርፌ ግን በአርባው ማግስት ከል እንደለበሱ፣ ካቻቪቴውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሱቁን ከፈቱት።

አንድ ክረምት በከተማው የመንግሥት እህል መጋዘን ጓሮ፣ በእጅ የምትዞር አሮጌ የሒሳብ መኪና ተጥላ ዝናብ ሲወርድባት አዩ። ካልኩሌተር ስለመጣ አታስፈልግም ተብላ ነው። ኃላፊውን ቢጠይቁት “ውሰጃት፣ በር መደገፊያ ትሆንሻለች” አላቸው እየሳቀ።

ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፈዘፏት። ሞላዎቿንና ብሎኖቿን እየፈቱ፣ በተፈቱበት ተራ አሮጌ ጨርቅ ላይ ደረደሯቸው። ከውስጥ ካሉት ትንንሽ ጥርሳም መንኮራኩሮች የአንዱ ጥርስ ተሰብሯል። ከማይሠራ የነሐስ ቁልፍ ቁራጭ አውጥተው፣ በቀለጠ ስታኞ በይደው፣ በሞረድ ቀረጹት። ገና ሲያዞሯት ተነቀለ። እንደገና ሠሩት።

“አንቺ ሴት፣ ይቺ ብረት አዙራብሽ ይሆን?” አለቻቸው እናቴ።

“እስክትዞር አልለቃትም” አሉ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

ዞረች። በገበያ ቀን ደጃፋቸው ላይ አወጧት። ከበየዳ የመጡ አንድ ቄስ “እስቲ ዓመተ ዓለሙን አውጪልን” አሏቸው። ከአዳም እስከ ክርስቶስ ያለውን አምስት ሺህ አምስት መቶ ዘመን ሞልተው አዞሩ፤ የዘመኑን ዓመተ ምሕረት ጨምረው ደግመው አዞሩ። ቄሱ ጎንበስ ብለው አነበቡና “ልክ ናት!” ሲሉ ገበያተኛው እልል አለ።

ወሬው የመጋዘኑ ኃላፊ ጆሮ ደረሰ። በማግስቱ ዘበኛ አስከትሎ መጣ።

“የመንግሥት ንብረት ናት፣ መልሻት።”

“ዝናብ ሲመታትስ የማን ንብረት ነበረች?”

“ሱቁም የቀበሌ መሆኑን አትርሺ!”

“እንግዲያው እንደጣላችኋት አድርጌ ልመልስላችሁ። ጥርሷን ልንቀል፣ ሞላዋን ልበትን። ትቀበለኛለህ?”

ዘበኛውን አስከትሎ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ ግን ቀበሌው ዕቃቸውን አስወጥቶ ሱቁን አሸገው። እናቴ ስታለቅስ እትዬ ዘርፌ አላለቀሱም። ዕቃቸውን በጋሪ ጫኑ፤ የሒሳብ መኪናዋን ራሳቸው ታቀፏትና፣ በሌላ መንገድ መሄድ ሲችሉ፣ በመጋዘኑ በር ፊት ለፊት ቀስ ብለው አለፉ። ከዚያ ወዲያ ቤታቸው በረንዳ ላይ ይሠሩ ጀመር። ደንበኛው ሁሉ ተከትሏቸው መጣ።

ከመሞታቸው በፊት መኪናዋን ለተማርኩበት ትምህርት ቤት ሰጧት። ርዕሰ መምህሩን “ቁም ሳጥን ውስጥ የቆለፍክባት ቀን መጥቼ እወስዳታለሁ” ብለውት ነበር። ዛሬም ክፍል ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ ናት። ልጆች እየተጋፉ ያዞሯታል፤ የእጀታዋ ቀለም ከእጃቸው ብዛት ተፍቆ ብረቱ ያብረቀርቃል።