ፈቃድ የለኝም

የቢቸናና የሞጣ ሰዎች በስልካቸው የሚያወጉበት አንድ የኢንተርኔት መድረክ አለ። የከፈተችው ሞጣ የምትሠራ ፋርማሲስት ናት፤ ከሌላ ክፍለ አገር ተመድባ ስትመጣ ሰው ለመልመድ ብላ ነበር። እኔ ቢቸና ስልክ ከምጠግንባት ክፍል ሆኜ እጠብቅላታለሁ።

ሥራዬ ቀላል ነው። ተሳዳቢውን ዝም አሰኛለሁ፣ ማስታወቂያ የሚያዘንበውን አስወጣለሁ። ያስወጣሁትን መመለስ ግን አልችልም። እሱን የሚፈቅደው የእሷ ስልክ ብቻ ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ጠባቂ ፍቅረኛውን በተጣሉ ቁጥር እያባረረ፣ በታረቁ ቁጥር ደግሞ እየመለሰ ስላስቸገረ ነው ፋርማሲስቷ ሥልጣኑን እንዲህ የከፋፈለችው።

ከእኔ ሌላ አንድ ማሽን ጠባቂ አለ። አንድ ዓይነት መልእክት ደጋግሞ የሚልክን ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ያስወጣል። አማርኛውን ማን እንደተረጎመለት አላውቅም። «ተወግደዋል» ማለት ሲገባው «ተወግዘዋል» ይላል። የአንድ ፊደል ልዩነት ናት። ላርማት ሞክሬ ነበር፤ ጽሑፍ ማረምም ለእኔ አልተፈቀደም።

ከሱቄ ፊት ለፊት እህል የሚነግዱ አንድ ሽማግሌ አሉ። በልጅነታቸው ዜማ ተምረዋል። ልጃቸው ስልክ ከገዛችላቸው ወዲህ ጠዋት ጠዋት መድረኩ ላይ ይገቡና ያገኙትን ሰው ሁሉ በየተራ «እንደምን አደሩ» ይላሉ። አንድ ጊዜ ለሁሉም ቢሉት እንደሚበቃ ነግሬያቸው ነበር።

«በጅምላ ሰላም ልበል? በግ ነው እንዴ የምነዳው?» አሉኝ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ ማሽኑ አስወጣቸው። ስልካቸው ላይ የመጣው ቃል «መልእክት በመደጋገም ተወግዘዋል» የሚል ነበር። እሁድ ደግሞ አንዲት ጎረቤታችን የወለደችው ልጅ አርባ ቀኑ ነው። ክርስትና ሊያነሱት ቃል የገቡት እሳቸው ናቸው። አርባ ቀን አይተላለፍም፣ የተወገዘ ሰውም ክርስትና አያነሳም።

ከሰዓት በኋላ ነጋዴው ሽማግሌዎች ላኩብኝ። ወንበር ሳብኩላቸው፤ ጉዳያቸው ሳይፈጸም እንደማይቀመጡ ነገሩኝ። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች ደንበኞቼ ውጭ ቀሩ። ዋናው ተናጋሪ ስለ ይቅርታ ብዙ ተናገሩ፣ የነጋዴውን ደግነት ዘረዘሩ፣ በወጣትነት ቁጣ እንደሚያይል እንደሚያውቁም አከሉ። እንዳልተቆጣሁ ነገርኳቸው። ነገሩን በትክክል ለማስረዳትም፣

«ፈቃድ የለኝም» አልኩ።

ተያዩ፤ አልተከፉም። እኔ ሥልጣኑ አልተሰጠኝም ማለቴ ነበር። እነሱ የሰሙት ግን ልቤ እሺ አላለም የሚለውን ነው። ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፣ ስለዚህ የጠበቁትን መልስ ነበር ያገኙት። ቂም ባንድ ቀን እንደማይወጣ አጽናንተውኝ፣ መርቀውኝ ሄዱ።

አርብ ዕለት የነጋዴውን የነፍስ አባት ጨምረው ተመለሱ። አሁን ስልኬን ከፍቼ የመመለሻው ቁልፍ ለእኔ እንደማይታይ አሳየኋቸው። ያስወጣቸውም ማሽኑ እንጂ እኔ እንዳልሆንኩ አስረዳሁ። ሎሌ ላጠፋው ጌታው ይጠየቃል አሉኝ። ቄሱ ስልኩን ተቀብለው በጥሞና ተመለከቱ።

«ማሰር ትችላለህ?»

«እችላለሁ አባ።»

«መፍታትስ?»

«አልችልም።»

«እንግዲያ ሥልጣን አይደለም የሰጡህ። የአይጥ ወጥመድ ነው ያደረጉህ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ አሁንም አልተቀመጡም። ቄሱን ወደ ጎን ጠርቼ ነገሩ የፊደል ስሕተት መሆኑን ለነጋዴው ለምን እንደማይነግሯቸው ጠየቅኳቸው። ነግረዋቸዋል። እኔው ልፍታዎት ብለዋቸውም ነበር። ነጋዴው ግን «ያላሰሩኝን እንዴት ይፈቱኛል? ያሰረኝ ይፍታኝ» ብለው መለሱላቸው። ቄሱ ክርክሩ እንከን እንደሌለበት፣ ችግሩም ይኸው እንደሆነ ነገሩኝ።

ሞጣ ደወልኩ። ፋርማሲስቷ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ቁልፉ የት እንዳለ እንደማታስታውስ፣ መጥቼ በስልኳ ራሴ ብሠራው እንደሚሻል ነገረችኝ። ቅዳሜ ጠዋት ነጋዴው፣ ቄሱና እኔ ሚኒባስ ተሳፈርን። ደብረ ወርቅ ስንቆም ዳቦ ገዛሁ። ነጋዴው የተወገዘ ሰው ከሌላው ጋር አይቆርስም ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ቄሱ በረጅሙ ተነፈሱና የነጋዴውን ድርሻም በሉት።

ፋርማሲው ሰው ሞልቶት ነበር። ፋርማሲስቷ ቄሱን ስታይ መድኃኒት ፈልገው የመጡ መስሏት የሐኪም ማዘዣ ጠየቀቻቸው። ከዚያ እኔን ለየችኝና ስልኳን በመስኮቱ አቀበለችኝ። ሰልፈኞቹ ምን ልናደርግ እንደመጣን ሲሰሙ ቦታ ለቀቁልን። ነጋዴው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ከፊቴ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ቁልፉን አገኘሁትና ተጫንኩት። ኔትወርኩ ቆየ። እሳቸውም እንዳጎነበሱ ቆዩ።

«ምን አለ?» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«ገደቡ ተነሥቷል ይላል።»

«ገደብ መቼ ነበረብኝ? ውግዘት ነው እንጂ።»

እውነታቸውን ነበር። ተርጓሚው ሲያስወጣ አንድ ቃል፣ ሲመልስ ሌላ ቃል ነው የተጠቀመው። ወደ ቄሱ ዞርኩ፤ እሳቸው በመደርደሪያው ላይ ያሉትን የሳል ሽሮፖች ያነቡ ነበር። ፋርማሲስቷ ስልኳን ለመቀበል እጇን በመስኮቱ ዘርግታ ቀርታለች።

ነጋዴው ከአባቴ ይበልጣሉ። እስከዚያ ቀን «አንተ ልጅ» እያሉ ነበር የሚጠሩኝ።

«ይፍቱኝ» አሉኝ።

ይህ ለቄስ የሚባል ነው። መልሱን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ምእመን ግን አይለውም።

«እግዚአብሔር ይፍታዎ ጋሼ» አልኩ። ለእሳቸው ብቻ እንዲሰማ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር። ከሰልፉ ውስጥ አንዲት ሴትዮ «አሜን» አሉ፣ ሌሎቹም ተከተሏቸው።

ነጋዴው ቀና ብለው ባርኔጣቸውን አደረጉ። ቄሱ ወደ ጆሮዬ ተጠግተው ሁለተኛ እንዳልደግመው አስጠነቀቁኝ፤ ስንወጣ ግን እጄን ያዙኝ።

እሁድ ሕፃኑን ክርስትና ያነሱት ነጋዴው ናቸው። በሕፃኑ ፈንታ ሰይጣንን እንዲክዱ ሲጠየቁ፣ ውጭ ዛፍ ሥር የተቀመጡት ሳይቀሩ በሚሰሙት ድምፅ ካዱት።