የፋሲካው ፍየል ቆዳ

የምርምር መጽሐፉ «የአሳማ ጆሮ ይዘጋጅ» ይላል። ይህን የጻፉት ሰዎች ፈረንሳይ ለጋሲዮን ኖረው እንደማያውቁ ከዚህ ዐረፍተ ነገር መረዳት ይቻላል። እኔ ሥጋ ቤት ገብቼ ግማሽ ኪሎ ለመጠየቅ እንኳ ተራዬን ሁለት ጊዜ ለሌላ አሳልፌ የምሰጥ ሰው ነኝ። በሁዳዴ የአሳማ ጆሮ የምጠይቅበት አንደበት የለኝም።

የማስተርስ ጥናቴ እንደ ላስቲክ ስስ በሆነ ፊልም ላይ ነበር። ፊልሙ ውስጥ የደም ሥር የሚያሰፋ መድኃኒት አለ። ደረት ላይ ሲለጠፍ መድኃኒቱ በቆዳ በኩል ቀስ እያለ ወደ ደም ይገባል ተብሎ ይታሰባል። «ይታሰባል» የምለው የእኔው ፊልም መሥራቱ ገና ስላልታወቀ ነው። ለማወቅ እውነተኛ ቆዳ ያስፈልጋል። አማካሪዬ በአሳማው ፋንታ ፍየል ፈቀዱልኝ። የሥራ ዕቅዴን በየቀለሙ ለይቼ፣ ተጠንቅቄ ነበር ያዘጋጀሁት። የቆዳው ሥራ የተመደበባቸው ሳምንታት በሙሉ ጾም መሆናቸውን ግን እኔም አላየሁም፣ ዕቅዱን የፈረሙት አማካሪዬም አላዩም። ሁለታችንም ጿሚዎች ነን።

ክፍት የነበሩት ሥጋ ቤቶችም አልጠቀሙኝም፤ ሥጋው ከቄራ የሚመጣላቸው ተገፎ ነው። ከፋሲካ በፊት ቤት ውስጥ ማሳረድ ደግሞ አባቴ ጭራሽ የሚሰማው ነገር አይደለም። የመለኪያ መሣሪያው ተራ የሚደርሰኝ በፋሲካ ማግስት ባለው ሳምንት ነበር። ካመለጠኝ ምረቃዬ ለዓመት ይገፋል። ስለዚህ አባቴን ለበዓሉ በግ ትቶ ፍየል እንዲገዛ ለመንኩት።

«ለፋሲካ ፍየል?» አለ። «በጎች በቀኝ፣ ፍየሎች በግራ የተባለውን ረሳሽው?»

«አባዬ፣ የበግ ፀጉር ይበዛል።»

«በጎቹ በቀኝ የቆሙት ለፀጉራቸው መስሎሻል?»

ያም ሆኖ ገዛው። ሆዱ ነጭ የሆነ ሙክት ነበር።

አራጃችን ከእንጦጦ ግርጌ የሚወርዱ ሽማግሌ ናቸው። በበዓል ጠዋት ሰፈሩን ቤት ለቤት ያዳርሳሉ። ስለሚቸኩሉ ከእጃቸው የሚወጣ ቆዳ ወንፊት ነው፤ ቆዳ ሰብሳቢዎቹም ሁልጊዜ ይነጫነጩባቸዋል። እኔ ከዋዜማው ጀምሮ አንድ ዐረፍተ ነገር ስለማመድ ነበር። ፍየሉን በኦሮምኛ አባብለው አረዱትና ግቢያችን ያለው ጽድ ላይ ሰቀሉት።

«ጋሼ፣ ቆዳው እንዳይቀደድብኝ» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

ደገምኩት። ድምፄ የታረደው ፍየል ከሚያሰማው አይበልጥም ነበር። አባቴ አስተላለፈልኝ።

«ሳይቀደድ እንዴት ይውጣ? በአፉ ላውጣው?»

«መሐሉን ይክፈቱት። ጎንና ጎኑን ግን በቢላ አይንኩት፤ በቡጢ ይግፉት» አልኩ።

«ሰባት ቤት ይጠብቀኛል፣ ልጄ» አሉና ቢላቸውን ወደ ነጩ ሆድ ሰደዱ።

«ጋሼ፣ ቢላውን ያስቀምጡ።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። እናቴ ማማሰያ እንደያዘች ከወጥ ቤት ወጣች። ጎረቤት በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። አራጁ ቢላውን ግንቡ ላይ አኖሩና ወደ አባቴ ዞሩ።

«ሐኪም ናት እንዴ?»

«መድኃኒት ነው የምታጠናው።»

«ለዚህ ፍየል ከሆነ ትንሽ ዘግይታለች።»

በቡጢያቸው መግፋት ሲጀምሩ ፊልሙ ምን እንደሆነ፣ የት እንደሚለጠፍ ነገርኳቸው።

«ክታብ ነው በይኛ» አሉ። «የድሮ ሰው ጽሑፉን በቆዳ ሰፍቶ አንገቱ ላይ ያስር ነበር። አንቺ ወስፌ አጥተሽ በማጣበቂያ አደረግሽው።»

ክታብ ስድስት ጊዜ ተለክቶ አያውቅም ልላቸው ነበር። ቡጢያቸው በደንብ እየሠራ ስለነበር ተውኩት።

በዓሉን የዋልኩት መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ በአባቴ ምላጭ ፍየል ስላጭ ነው። እንግዳ ሲጠይቅ እናቴ «እያጠናች ነው» ትላለች። ስድስት ክብ ቁራጭ አውጥቼ ፍሪጅ ውስጥ ከቅቤው ጎን አስቀመጥኩ።

ረቡዕ ዕለት ላቦራቶሪ ወስጄ ቁራጮቹን በየብርጭቆው አፍ ላይ ወጠርኳቸው፤ ከላይ ፊልሙ፣ ከታች ውኃው። በየሰዓቱ ከውኃው ጥቂት እየቀዳሁ እለካለሁ። መድኃኒት ከተገኘበት ቆዳውን አልፏል ማለት ነው። በአምስቱ ቀስ እያለ፣ እንደተመኘሁት ወረደ። በስድስተኛው ገና በመጀመሪያው ሰዓት እንደ ጎርፍ ገባ። ቀዳዳ አለ ማለት ነው። አራጁን በሆዴ ሰደብኳቸው። ቁራጩን አንስቼ ወደ መስኮቱ ሳየው ግን ቀዳዳው ቀጥ ያለች ቀጭን መስመር ነበር። ቢላ እንዲህ አይቆርጥም። ምላጭ ነው፤ የያዝኩትም እኔ ነኝ።

አምስቱ በቂ ሆኑና ጥናቱን በጊዜው አስገባሁ።

ለእንቁጣጣሽ አራጁ ሲመጡ ጽዱ ሥር የታሰረው በግ ነበር።

«ክታቡ እንዴት ሆነ?»

«ሠራ፣ ጋሼ።»

«ቆዳው ላይ ቀዳዳ ተገኘ?»

«አንድ።»

ፊታቸው ከበድ አለ። «በእኔ ቢላ?»

«በእኔ ምላጭ።»

ይህን ለሰባቱም ቤት እንደሚያወሩት ከአሳሳቃቸው ገባኝ። ከዚያ ማንም ሳያዛቸው ቢላቸውን ግንቡ ላይ አኖሩና የበጉን ሆድ በቡጢ መግፋት ጀመሩ። ሲጨርሱ ቆዳውን ወደ ፀሐይ ዘርግተው አንድም ብርሃን እንደማያሳልፍ አሳዩኝ፤ የሆዱንም ክፍል ቆርጠው ሰጡኝ።

ጥናቱ እንዳለቀ፣ የበግ ቆዳም እንደማይሆነኝ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። የወጣው «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ ነው። ቁራጩ ዛሬም ከቅቤው ጎን አለ። እናቴ ፍሪጁን በከፈተች ቁጥር መቼ እንደማነሳው ትጠይቀኛለች።